ለአንድ ሰው የተፈቀደ ወንበር

አራዳ፣ የካቲት ፱ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ይድረስ ለደምመላሽ፣ ድሬዳዋ

እንደምን ሰነበትክ? የባቡር ጣቢያው ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ደብዳቤ ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው። አንተ ግን ውሸቴን ከእጅ ጽሕፈቴ ታውቀዋለህ። ደህና አይደለሁም። የልቤ አንደኛው በር ጠቧል፣ ደሙ በወጉ አያልፍም። በልጅነቴ ጉሮሮዬን እያመመኝ ጉልበቴ ያብጥ የነበረው ጣጣ ነው አሉኝ። ከውጭ የመጣ ሐኪም የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ሐሙስ ደረቴን ከፍቶ ያሰፋዋል። ሦስት ዓመት ዝም ብዬህ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት አንድ ነገር ልለምንህ ነው። ልመናው መጨረሻ ላይ ነው፤ እንደ ልማድህ ከታች አትጀምር።

አራዳ እንዳለች ናት። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ያለው ባለሱቁ ሸምሰዲን ባለፍኩ ቁጥር «ያ ባቡር መቼ ነው የሚመለሰው?» ይለኛል። «ባቡሩማ ይመለሳል፤ የቀረው ሰውየው ነው» እለዋለሁ። ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፤ ከዚያ ዳገቱን ቀስ እያልኩ፣ ትንፋሼን እየሰበሰብኩ እወጣለሁ። ቤታችን አንድ ክፍል መሆኗን ታውቃለህ። ድሮ በአንተ ወሬ ትጠበን ነበር፤ አሁን ትሰፋኛለች። ብቻዬን ስበላ ቶሎ እጠግባለሁ።

ስትሄድ «አንቺ እኮ ያገባሽው የሕሙማኑን ትንፋሽ ነው» ብለኸኝ ነበር። አልዋሸህም። እስቲ ያ ትንፋሽ የት እንዳደረሰኝ ልንገርህ።

በምሠራበት የሆስፒታሉ ክፍል የሚተኙት ልባቸውና ሳንባቸው የደከመ ጽኑ ሕሙማን ናቸው። የበፊቱ ሐኪማችን ጠያቂ ልብ ያደክማል ብሎ በሩን አዘግቶ ነበር። ዋናዋ ነርስ የሺዓለም ደግሞ «በእኛ አገር ጠያቂ ያጣ በሽተኛ በሽታው ሳይገድለው ሐዘን ይገድለዋል» እያለች ትከራከረው ነበር። ሁለቱም የሚናገሩት በግምት ነው፤ የለካ ሰው የለም። እኔ ለካሁ። ጠያቂ ከመግባቱ በፊት፣ አጠገብ ሳለና ከወጣ በኋላ የልባቸውን ምትና ትንፋሻቸውን እየቆጠርኩ አራት ዓመት ከረምኩ። አንተ በር ላይ ቆመህ ትጠብቀኝ በነበረባቸው ምሽቶችም የምሠራው ይህንኑ ነበር።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። አቶ ገብረዮሐንስ የሚባሉ የአምስት ኪሎ አናጢ ተኝተውልን፣ የዕድራቸው ሰው ሁሉ ተግተልትሎ መጣ። አንዱ ብሉ እያለ ያጎርሳቸዋል፤ ሌላው «የዕድራችን ሰው ተክለሃይማኖትም እንዲህ አድርጎት ነው የሞተው» ይላል። ልባቸው እንደ ፈረስ ጋለበ። በማግስቱ ሚስታቸው ብቻቸውን ገቡ። በብርድ ልብሱ ላይ የባላቸውን እግር ያዝ አድርገው ተቀመጡ፤ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሰውየው ትንፋሻቸው ረጋ ብሎ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በሌሎቹም ላይ ያየሁት ያንኑ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየአልጋው አጠገብ አንድ ወንበር ተቀምጧል። በሽተኛው ራሱ አንድ ሰው ይመርጣል፤ የተመረጠው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ጥቅምት ጥናቴን በሐኪሞች ስብሰባ ላይ አነበብኩ። ደህና አድርገው አጨበጨቡልኝ። ከመድረኩ ስወርድ ግን ዓይኔ ወንበር ለወንበር አንተን ይፈልግ ነበር፣ ድሬዳዋ መሆንህን እያወቅኩ። የምነግረው ሰው ባጣ ለሸምሰዲን ነገርኩት። ብስኩት ጋበዘኝና «ታዲያ ይህንን ለማወቅ አራት ዓመት?» አለኝ።

ትናንት የሺዓለም አልጋዬን አሳየችኝ። ከዚያ እኔ ስንቱን በሽተኛ የጠየቅኩትን ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ «ወንበሩ ለማን ይሁን?»

ይህ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ዝም የሚሉ ነበሩ። ያልሰሙኝ እየመሰለኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ እደግምላቸው ነበር። ለካ ሰምተውኛል። እናቴ የለችም፣ እህት የለኝም፤ ጓደኞቼ ሁሉ ነጭ ለባሾች ናቸው፣ እነሱም ሥራ ላይ ናቸው። «ለደምመላሽ» አልኩ።

የሺዓለም እስክታነባ ሳቀች። «እሱ? ዝም ብሎ ሊቀመጥ? በሠርጋችሁ ቀን ቄሱን አቋርጦ ያወራ ሰው!» እውነቷን ነው። በእኔ ጥናት ከሄድን ከዚያ ክፍል መጀመሪያ የሚባረረው አንተ ነህ። ከሐዲድ ስለወጣው ፉርጎ ታወራለህ፤ አጠገቤ የተኛውን በሽተኛ በሳቅ ስፌቱን ትበጥስበታለህ፤ የእኔም ልብ መጋለቡ አይቀርም።

ልመናዬ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ና። ተመለስልኝ ማለቴ አይደለም። ለዚያች ሐሙስ ብቻ ና። የስንቱን ልብ ያዳመጥኩ ሴት የራሴን ማዳመጥ ፈራሁ፤ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ መልሼ አወረድኩት። እፈራለሁ፣ ደምመላሽ። ዝም በል አልልህም፤ ዝምታውማ እዚህ ቤት ሞልቶኛል። እንደፈለግክ አውራ። ጥናቴን ታበላሸዋለህ፤ ና አበላሽልኝ።

ጎረቤታችን ቅዱስ ጊዮርጊስ ባለህበት ይጠብቅህ፤ መንገድ ከጀመርክም በመንገድህ ይከተልህ። ሸምሰዲን ሰላም ብሎሃል።

ባይሆንልህ አልቀየምህም። ብቻ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥ ለየሺዓለም ነግሬያታለሁ።

ሰርክአዲስ