ከወንዝ ስለ ቀዳሁት ጥቁር ውሃ፣ ለክቡር ከንቲባችን

ለተከበሩ የከተማችን ከንቲባ ሞንሰፍ ጋርቢ፤

ጤናዎ እንደ ዘንድሮው ወይራ የፋፋ፣ እንቅልፍዎም እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ጸጥታ የሰመረ ይሁን እያልኩ፣ እኔ ጡረተኛው የኬሚስትሪ መምህር ላዝሃር በን ሕሚዳ፣ ስለ ዋሉልኝ ውለታ በአደባባይ ላመሰግንዎ ብዕር አንስቻለሁ።

በመጀመሪያ፣ ሞኝነቴን ስለገለጡልኝ አመሰግናለሁ። የከተማችን የወይራ ዘይት መጭመቂያዎች ወደ ደረቁ ወንዝ የሚለቁት ጥቁር ውሃ የእህቴን የረቢሓን የለውዝ ዛፎች ሲያደርቅ አይቼ፣ በውስጡ ያለው መራራ ነገር ተጣርቶ ቢወጣ ለሰውነት እንደሚበጅ፣ ዘይትንም ከመበላሸት እንደሚጠብቅ ስለማውቅ፣ እንደ ሰው ዝም ማለት ሲገባኝ በርሜል ይዤ ወረድኩ። ዕድሜ ልኩን ከጠመኔ በቀር ያልጨበጠ ሰው ፋብሪካ ልክፈት ሲል እንዲህ ነው፦ የባለቤቴን የሳሊሓን የኩስኩስ ድስት አሳረርኩ፤ ጣሪያ ላይ የሰቀልኩት በርሜልም ፈንድቶ የጎረቤት አንሶላ አጠቆረ። ሳሊሓ ሻንጣዋን አንጠልጥላ፣ «ላዝሃር፣ ወይ እኔን ወይ ይሄን ጭቃህን! ቶሎ በል፣ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው» አለችኝ። መልሱን ሳሰላስል አውቶቡሱ አመለጣት። ትዳሬን ያተረፈው የሹፌሩ ችኮላ ነው።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ፍትሕዎ ነው። በስንት መከራ የማር መልክ ያለው ጥቂት ዝልግልግ ነገር አጣርቼ አወጣሁ፤ እሱን የጨመርኩበት ዘይት በጋውን ሙሉ ሳይበላሽ ከረመ። እንደ አዲስ ሙሽራ እየተሽኮረመምኩ ቢሮዎ ይዤው ብመጣ፣ የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊዎ፣ «መምህር፣ ወደ ወንዝ ለመድፋት የምንሰጠው ፈቃድ አለን፤ ከወንዝ ለመቅዳት ግን የለንም። ታዲያ ምን ላድርግዎት?» አለኝ። ያስተማርኩት እኔው ስለሆንኩ በማንም አላሳብብም።

ብዙም ሳይቆዩ ደንብ አስከባሪዎችዎ መጥተው በርሜሎቼን ጭነው ሄዱ፤ ከእህቴ ማሳ አጠገብ ያለው ድልድይ ጋ ሲደርሱም ያንኑ ውሃ መልሰው ወንዙ ውስጥ ደፉት። ረቢሓ ከማሳዋ ሆና ደወለችልኝ። «ወንድምዬ፣ ዕቃህን እኔ ደጅ እያራገፉልህ ነው፤ ና ተረከብ እንጂ!» ብላ ሳቀች። ስልኩን ሳትዘጋው ግን ሳቋ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። የቀሩት ዛፎቿም ዘንድሮ አላበቡም። እኔም የማጽናኛ ቃል ጠፍቶኝ ስለ አሲድ አስረዳኋት።

ከምድጃው የተባረረ፣ ከበርሜሉ የተፋታ፣ ሹመትዎ እንዲረዝም ከመመኘት ሌላ ሥራ ያልቀረለት ትሑት ዜጋዎ፣
ላዝሃር በን ሕሚዳ

ማሳሰቢያ፦ የግቢዎ ጉድጓድ ውሃ መጥቆር ጀመረ ሲባል ሰማሁ። በነጻ ባጣራልዎ ደስ ባለኝ ነበር፤ ዳሩ ግን እንዲህ ያለውን ውሃ መቅዳት ደንብዎ ስለሚከለክል፣ እርስዎም ባልዲዎን እንዳያወርዱ በአክብሮት እለምናለሁ።