ከቁም ሳጥኑ የወጡ መጻሕፍት፦ የእትዬ ድገሙ የሕይወት ታሪክ

ውድ እናታችን፣ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ድገሙ እያለ የሚጠራቸው መምህርት፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1940 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ስለነበሩ ታናናሾቻቸውን በአባታቸው የመቁረጫ ጠረጴዛ ሥር ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። መምህርነትን የጀመሩት ያኔ ነው ብንል አላጋነንም።

ትምህርታቸውን በተወለዱበት ሰፈር አጠናቀው መምህራን ማሠልጠኛ ገቡ። በ1960 ዓ.ም. ተመርቀው በአንደኛ ክፍል መምህርነት ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም በትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ካለችው ክፍላቸው አልተነቃነቁም። በ1963 ዓ.ም. ከአናጺው አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። አባታችን ለክፍሉ አግዳሚ ወንበር ሲሠሩ በሕፃናቱ እግር ልክ ዝቅ አድርገውት ስለነበር፣ ሊከራከር የመጣ ወላጅ ሁሉ ጉልበቱ አገጩን እየነካው ሳይከራከር ይመለስ ነበር።

ስማቸው የወጣው ከማስተማር ልማዳቸው ነው። እሳቸው አንድ ቃል ይላሉ፣ «ድገሙ!» ይላሉ፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። ልጅ ካልጮኸ ተማረ አይባልም ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ በትምህርት ቤቱ የሕፃናት ንባብ ፕሮግራም ተጀምሮ፣ ልጆች ባለሥዕል ተረቶችን ራሳቸው እየገለጡ፣ እየጠየቁ ይማሩ ሲባል አልተዋጠላቸውም። ፕሮግራሙን ይዛ የመጣችውን ወጣት መምህርት፣ «የኔ ልጅ፣ ጨዋታውን በእረፍት ሰዓት አድርጊው» አሏት። መጻሕፍቱንም በሕፃን እጅ እንዳይቆሽሹ ብለው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉባቸው።

ታናሽ እህታችን ያኔ እሳቸው ክፍል ትማር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ የመማሪያ መጽሐፏን እንደ ውሃ ስታንበለብለው ነፋስ ገጹን ገለበጠባት። ከቁብም አልቆጠረችው፤ ያለፈውን ገጽ እስከ መጨረሻው ዘለቀችው። አባታችን በሳቅ ፍርስ አሉ። እናታችን ግን አልሳቁም። በጣታቸው አንድ ቃል አሳይተው ቢጠይቋት ገጹን ከመጀመሪያው ማንበልበል ጀመረች። የገዛ ልጃቸው ማንበብ አትችልም ነበር። የዚያን ዕለት ራት አልቀመሱም።

በማግስቱ ቁም ሳጥኑን ከፈቱ። ያሾፉባትን ወጣት «እስቲ እኔንም አስተምሪኝ» ማለት ለእሳቸው ሞት ነበር፤ እልኸኝነታቸውን እኛ እናውቀዋለን። ግን አሏት። ባልደረቦቻቸው «ክፍላቸው ጸጥ አለ፣ ሴትዮዋ ደከሙ» ብለው ሲያሟቸው፣ «ጸጥ ያለው እያነበበ ነው» ብለው ይመልሱ ነበር። መጻሕፍቱ ቆሸሹ፣ ተቀደዱ፤ አባታችን በእንጨት ማጣበቂያቸው ጠገኗቸው። ልጅ ቃል ሲያቅተው ቀድሞ የሚነግር ሰው ካዩ፣ «ተወው፣ ራሱ ይድረስበት» ይሉ ነበር። «ድገሙ» የሚለው ትእዛዝ ከአፋቸው ጠፋ፤ ስሙ ግን አልለቀቃቸውም። ያቺ እህታችን ዛሬ በዚያችው ክፍል መምህርት ናት።

ከሁለት ዓመት ወዲህ መጀመሪያ ዓይናቸው፣ ቀጥሎም ልባቸው ደክሞ በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። በመጨረሻው ሳምንት የእህታችን ልጅ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ከነዚያ የተጠገኑ መጻሕፍት አንዱን አነበበችላቸው። አንድ ቃል ላይ ስትቆም ልንነግራት አፋችንን ስንከፍት በእጃቸው ከለከሉን። ቆየች፤ ደረሰችበት። ተረቱን ስትጨርስ፣ ከስንት ዘመን በኋላ ያ ቃል ከአፋቸው ወጣ፤ «ድገሚልኝ» አሏት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ሰኔ 4 ቀን 2015 ዓ.ም. በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ዓይን በማይደክምበት ብርሃን ያኑርልን፤ አባታችንንም ያጽናናልን።

ትንሿ የልጅ ልጃቸው ያንኑ መጽሐፍ ይዛ መጥታለች። አሁን ትደግምላቸዋለች።