አሥራ አንድ ሰዓት ሲመታ

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትህ? ጉልበትህስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልህ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ደቀ መዛሙርትህስ እንዴት ናቸው? እኔ ከዓይኔ በቀር ደኅና ነኝ ልልህ ነበር፤ ግን ሐሰት መጻፍ አልለመድሁም። ደኅና አይደለሁም።

የባለቤቴ መርሳት ብሶበታል። አርባ ዓመት ሰዓት ሲጠግን የኖረ ሰው ዛሬ ቀኑን አያውቅም። ልጃችን ከሞተች ስድስት ዓመት እንደሆናት ረስቶታል። ከሥራ ትመለስበት የነበረው አሥራ አንድ ሰዓት ሲመታ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ይቆምና «ምነው ዛሬ ዘገየች?» ይላል። እኔም እውነቱን እነግረዋለሁ። መርዶውን ገና እንደ ሰማ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ያለቅሳል። በማግስቱ ደግሞ ይጠይቀኛል። ልጄን በየቀኑ የምቀብራት እኔ ሆንሁ።

ሰኞ ዕለት ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ የግድግዳውን ሰዓት አሥር ላይ አቆምሁት። ባለሙያ ቤት ውስጥ እንዳለ ዘነጋሁ! ዝም ማለቱን ሰምቶ መጣና «አንቺ ሴትዮ፣ ቤት ውስጥ በሽተኛ እያለ ዝም ትያለሽ?» ብሎ ቀለደብኝ። ሸሚዙን መቆለፍ ያቃተው እጅ ሰዓቱን ከፍቶ፣ ጠርጎ፣ ዘይት አስነክቶ አስነሣው፤ በኪስ ሰዓቱም አስተካከለው። ወዲያው አሥራ አንድ መታ። ኮቱን ለበሰ።

ወንድሜ፣ አንተ የነገረ መለኮት መምህር ነህ። ባለፈው ስትመጣ፣ ጊዜ ራሱ ፍጥረት ነው፤ ያለፈውም የሚመጣውም በፈጣሪ ፊት አንድ ላይ ቆሞ ይታያል አልኸኝ። እኔም ለምሳ የዘገየህበት ማመካኛ ነው ብዬ ሳቅሁብህ። ዛሬ አልስቅም። ነገሩ እውነት ከሆነ፣ ልጄ በዚህች ደቂቃ በእርሱ ፊት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ቤት እየመጣች ነው? ትንሣኤን የማምን ሴት «ትመጣለች» ብዬ ብመልስለት ዋሸሁ ወይስ መሰከርሁ? ማጽናኛውን ጎረቤት ሁሉ ይሰጠኛል፤ አንተ ቁርጡን ንገረኝ። በስልክ ያልጠየቅሁህ ባለቤቴ ከአጠገቤ ስለማይለይ ነው። ደብዳቤው እስኪደርስህ ደግሞ አሥር ቀን ይፈጃል። አሥር ቀብር አልችልም።

ባለቤትህን፣ ትልቋን ልጅህንና መንትዮቹን ሳምልኝ። ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል። ለማን እንደምጽፍ ጠይቆኝ ብነግረው፣ «የልጃችንንም ሰላምታ ጨምሪበት፤ ኋላ ትቀየመናለች» አለኝ።

ልጃችንም ሰላም ብላሃለች።

ታላቅ እኅትህ
ከቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር
ሐሙስ፣ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ