በካርድ ክፍሉ መስኮት ስለ ፈሰሰው ደም፣ ለኮምፒውተር ክፍል ኃላፊው

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኮምፒውተር አገልግሎት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም አሥሩም ጣቶችዎ እንደተሟሉ ያገኝዎ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። የድንገተኛ ሕክምናው ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ደብዳቤውን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎን ላለመረበሽ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ የሁላችንንም ስምና የይለፍ ቃል በአንድ ቦታ ስለሚይዘው አዲሱ ሰርቨር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮቻችን የይለፍ ቃሉን የሚልኩበት መንገድ ስላረጀ ግን ሰርቨሩ አይቀበላቸውም። የእርስዎው ባለሙያ፣ አዲስ ማሽን እስኪገዛ ለእኛ ብቻ አሮጌው መንገድ ቢፈቀድ እንደሚሠራ ነግሮን ነበር። እርስዎ ግን ለሰርቨሩ ደህንነት ሲሉ ከለከሉ። ደህንነት። ቃሉን ከዚያ ወዲህ ለራሴ ደጋግሜ እለዋለሁ። ለሰውም ለማሽንም አንድ መሆኑ ያስፈራኛል።

ሁለተኛ፣ ሐሙስ ጠዋት አንድ አባት ራሷን የሳተች ልጁን ተሸክሞ መጣ። ሐኪሙ ተቀብሎ መድኃኒት አዘዘላት፤ መድኃኒት ክፍሉ ግን ያለ ካርድ ቁጥር አይሰጥም። ኮምፒውተሩ አልከፍትም አለ። ስንደውልልዎ «ዘግታችሁ ክፈቱት» አሉን፤ ስለ ፈጣን ምላሽዎ እናመሰግናለን። ዘጋነው። ከፈትነው። «ልጄ እየሞተች አንተ ኮምፒውተር ትነካካለህ?» አለ አባትየው። ከዚያ መስታወቱ። በወንበር ነው የመታው። ዕድሜያቸውን እዚያው መስኮት ላይ ስለጨረሱ ጋሼ መስኮት የምንላቸውን ባልደረባዬን በክራቫታቸው ጎትቶ፣ በተሰባበረው መስታወት መሀል አወጣቸው። ፊታቸውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨው። አንዴ አይደለም። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ልጅቷ ተርፋለች። አንዲት ነርስ የመድኃኒት ቁም ሳጥኑን ሰብራ ነው።

ሦስተኛ፣ የጋሼ መስኮት የቀኝ እጅ ጅማት በመስታወቱ ተቆርጧል። «ምን ላድርግ እህቴ፣ የይለፍ ቃሌን የምጽፈው በዚህ ጣት ነበር» ብለው ሳቁና ከጥርሳቸው ጋር ደም ተፉ። ቀዶ ሕክምና ለመግባት ካርድ ያስፈልጋቸው ነበር። ማውጣት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሰርቨሩ እኔንም አላወቀኝም። ሌላ ሆስፒታል እስኪደርሱ ጣቶቻቸው ቀዝቅዘው ነበር፤ ይንቀሳቀሱ እንደሆነ ገና አልታወቀም።

ሰኞ መስኮቱ ይከፈታል። መስታወቱ አልተተካም። ወንበራቸው ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ስለዚህ ያቺን የአሮጌውን መንገድ ፈቃድ ከሰኞ በፊት ይሰጡን ዘንድ፣ ውድ ጊዜዎን እንደምሻማ እያወቅሁ፣ በትሕትና እለምናለሁ።

ሰርቨርዎን ጭረት እንዳይነካው እየተመኘሁ፣ ለጊዜው በሁለቱም እጆቼ እጅ የምነሣዎ፣
የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አባትየው እንደታሰረ ነው። ወንድሞቹ ትናንት መጥተው ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ማን እንደሆነና ቢሮው የት እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። ለምን እንደዋሸሁ እኔም አልገባኝም። ሰኞ ተመልሰው እንደሚመጡ ነግረውኛል፤ እስከዚያ ዕውቀቴ ይሻሻል ይሆናል።