ፊደል የጎደለው ቲሸርት

ሰኞ፣ ግንቦት 25፤ ከቀኑ 11፡30

የ8ኛ ለን የእንግሊዝኛ ድርሰት አርሜ ጨረስኩ። ሁሉም ጽፈዋል። ስሚኝማ ደብተሬ፣ መስከረም ላይ ባዶ ወረቀት ይመልሱልኝ የነበሩ ልጆች ናቸው። እንግሊዞቹና አሜሪካኖቹ ራሳቸው የማይነበበውን ፊደል እንጣል፣ የከበደውን ቃል በቀላል እንተካ እያሉ ስንት ዘመን እንደተሟገቱ ነግሬያቸው ነበር። ለነሱ ብዙም አልተሳካም። እኛ ግን ረቂቅ ስንጽፍ ጆሯችን እንደሰማው፣ ፈተና ላይ እንደ መጽሐፉ እንጻፍ ተባባልን። ር/መምህሩ አያውቅም። ባያውቅ ይሻላል። ሐያት እንኳ ሁለት ገጽ ሞላች፤ ስሟን ስጠራ ላብ የሚያጠምቃት ልጅ። አባቷ አጠና ተራ ጭነት ያወርዳሉ፣ እሷ በነጻ ነው የምትማረው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27፤ ምሳ ሰዓት

ጉዴ ፈላ። ልጆቹ ለቅዳሜው መሰነባበቻ ቲሸርት አሳትመው መጡ። ደረቱ ላይ የእንግሊዝኛ ስንብት፣ በኛው በረቂቁ አጻጻፍ። ግማሹ ፊደል የለም። ሊያስደስቱኝ ነው። ቃሉን የመረጠችው ሐያት፣ ማተሚያ ቤት የወሰደችውም እሷ። ከበውኝ ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ምን ልበል? አመሰገንኩ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ቅዳሜ ወላጅ ሁሉ ይመጣል፣ ከክ/ከተማም ሰው ይመጣል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

አየው። ር/መምህሩ መምህራን ክፍል ገብቶ ቲሸርቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ማነው ይህን ያስተማረ አለ። እኔ ደብተር ማረሜን ቀጠልኩ። የሚኒስትሪ ፈተና ደርሶ እንዲህ ያለ ቅሌት፣ ወላጅ የሚከፍለው ለዚህ ነው ወይ አለ። መምህር ከሆነ ይሰናበታል፣ ተማሪ ከሆነ መድረክ አይወጣም፣ በነጻ የሚማርም ከሆነ የዘጠነኛ ክፍል የነጻ ዕድሉን ያጣል። ወደ እኔ ዞረ። ልጆችሽ ናቸው፣ ምን ትያለሽ አለኝ። እኔ እንጃ፣ እጠይቃቸዋለሁ አልኩ። ይሄ ከኔ አፍ ወጣ! የቤት ኪራይ አለብኝ፣ እማዬ መድኃኒት ላይ ናት፣ በክረምት መምህር ማን ይቀጥራል? ፈራሁ ደብተሬ።

ዓርብ፣ ግንቦት 29፤ ጠዋት 3 ሰዓት

እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ር/መ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ገባብን። እኔ ሰሌዳው ጋ ቆሜያለሁ። ማነው ብሎ ጠየቀ። ሐያት ተነሳች። በእንግሊዝኛ መለሰችለት፣ እሱ ፊት፣ ቀጥ ብላ፣ ሳትንተባተብ። ሐሳቡ የራሷ ብቻ ነው፤ መምህሯ እንደ መጽሐፉ ጻፉ ብላ ነበር፣ እሷ ግን አልሰማችም አለችው። ዓመቱን ሙሉ የጠበቅኩት እንግሊዝኛ ይኸው ወጣ፣ እኔን ለማዳን ሲዋሽበት። ሌሎቹ አንገታቸውን ደፉ። አንድም ወደ እኔ ያየ የለም፣ ሆን ብለው ነው። አባትሽን ጥሪ ብሏት ወጣ። እኔ? የቤት ሥራ አዘዝኩ።

በዚያው ቀን፣ 4 ሰዓት ገደማ

አባቷ መጡ። ከነሥራ ልብሳቸው፣ ቢሮው በር ላይ ቆመዋል። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ እጽፋለሁ፣ ካልጻፍኩ ሮጬ የምጠፋ ይመስለኛል። ቲቸር፣ ልጄ ምን አጠፋች አሉኝ። ምንም አልኩ። አልሰሙኝም። ደግሜ፣ ምንም አላጠፋችም ጋሼ፣ ያስተማርኳት እኔ ነኝ አልኳቸው። አልገባቸውም፣ ብቻ ልጄ አንቺን ጎበዝ ናት ትላለች አሉኝ። እዚህ ይቆዩኝ፣ አስቀድሜ እኔ ልግባ አልኩ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ለእማዬ ምን እንደምላት አላውቅም። በሩ ተከፈተ፣ ር/መ የሐያት አባት እያለ ይጠራል። ደብተሬ፣ እኔ ልገባ ነው።