ልቧ እንደ አለት ነው ላሉን የልብ ሐኪም

ሚዛን ተፈሪ፣ ሚያዝያ 2003 ዓ.ም.

ለተከበሩ የልብ ስፔሻሊስት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ፤ ልብዎ ምቱን ሳያዛንፍ ያኑርዎት፣ በጆሮዎ አጠገብም በር በኃይል አይዘጋ። ስምዎን ያልጻፍኩት በድፍረት ሳይሆን የራስዎን ሥርዐት ተከትዬ ነው፤ እርስዎ እህቴን የጠሯት “ተረኛ” ብለው ነበርና፣ በስም መጠራራቱን እኔ ብጀምረው ያስቀየምኩዎት መስሎ ተሰማኝ።

በሙያዬ የቡና አግሮኖሚስት ነኝ፤ የምሠራውም በቴፒ አካባቢ ነው። ትምህርቴ መንስኤውን ሳላረጋግጥ ስለ ውጤቱ እንዳልናገር ስላስለመደኝ፣ ከዚህ በታች የማሰፍረው በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ ነው። የእህቴ የወለተሥላሴ ልብ በምን ምክንያት እንደቆመ ዛሬም በእርግጠኝነት አልናገርም። በእርግጠኝነት የተናገሩት እርስዎ ነዎት። አቤቱታዎቼንም ምስጋና ብሎ መጥራቱ ይበልጥ ከጨዋነት ስለሚቆጠር፣ በዚሁ ስም በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ወለተሥላሴ በሚዛን ገበያ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ የነበራት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንዲት ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ነበረች። ቆርቆሮ ከመኪና ሲወረወር፣ መብረቅ ሲጮኽ፣ ጎማ ሲፈነዳ ልቧ “እንደ ተገረፈ በቅሎ ይፈናጠርና ከዚያ ጥፍት ይላል” ትለን ነበር። ትወድቃለች፣ ከንፈሯ ይጠቁራል፣ ጥርሷ ምላሷን ይቆርጣል፤ ከዚያም ደሟን ተፍታ ትነሳና ሚስማር መመዘኗን ትቀጥላለች። አንዱ ሐኪም ታይፎይድ፣ ሌላው ጨጓራ ነው ካላት በኋላ፣ የልብ ሐኪም መኖሩን ሰምታ ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ ወደ እርስዎ መጣች። “ዶክተር፣ ድንገተኛ ድምፅ ስሰማ…” ብላ ስትጀምር፣ “ድምፅ ካስቸገረሽ ጆሮ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ እኔ የልብ ነኝ” አሏት። ነርሷ ሳቀች። እህቴም ለይሉኝታ ሳቀች። ያ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልተጨረሰም።

2. ስለ ቢሮዎ ውበት አመሰግናለሁ። የልብን ምት በወረቀት ላይ የሚያወጣው መሣሪያ በነጭ ዳንቴል ተሸፍኖ፣ በላዩ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበት ማየት ከሩቅ ለመጣ ገበሬም ሆነ ነጋዴ መንፈስን የሚያረጋጋ ነው። አበባውን ለማንሳት የሚፈጀውን ድካም ከእህቴ ሕይወት ጋር አመዛዝነው የወሰኑትን ውሳኔ ለማክበር እየጣርኩ ነው፤ እስካሁን ግን አልተሳካልኝም።

3. ስለ ምርመራ ውጤቱ ግልጽነት አመሰግናለሁ። ማዳመጫዎን በቀሚሷ ላይ አሳርፈው ሳይጨርሱ፣ “ልብሽ እንደ አለት ነው፤ ባል አግቢ፣ ይተውሻል” አሏት። እንዲህ ያለ ቃል በእኛ አገር ከመኪና ቀድሞ ይደርሳል። እህቴ ራሷ በሱቋ ደጃፍ እየሳቀች ደገመችው፤ ዘመዶቻችን በየገበያው አወሩት። “አለቷ” እያሉ የሚቀልዱባትም ነበሩ። ስፔሻሊስት የተናገረውን ማን ይጠራጠራል?

4. ቃልዎ የት ድረስ እንደተሰማ ለማሳወቅ ደግሞ፣ ባለፈው ኅዳር በሸኮ አቅራቢያ የሆነውን በትሕትና እገልጻለሁ። አጎታችን ዐርፈው አስከሬናቸው ከቤት ሲወጣ፣ ለታላቅ ሰው እንደሚደረገው ጥይት ተተኮሰ። የተኮሰው የአጎታችን የቡና መጋዘን ጠባቂ ሀይደር ነበር፤ እያለቀሰ፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አንስቶ። ወለተሥላሴ ወደ ኋላዋ፣ ከቤቱ አጠገብ ያለው የቡና ማሳ ውስጥ ወደቀች። ማሳው ያረጀ ቡና የተጎነደለበት ነበር፤ ጉቶው ውሃ እንዳይቋጥር ሰያፍ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ጫፉም ይሾላል፤ እኔ ራሴ የማስተምረው አቆራረጥ ነው። አንዱ ጉቶ በጎድኗ ገባ። ሲያነሷት እስትንፋስ አልነበራትም፤ በጎኗ ላይ ክብ ቀዳዳ ነበር፣ ከቀዳዳውም ደም ይወርድ ነበር።

“በጥይት መታት!” የሚል ጩኸት ተሰማ። አንድ ሽማግሌ “ኧረ ልጆቼ፣ ደንግጣ ይሆናል፣ ተረጋጉ” ቢሉ፣ የአጎቴ ልጅ ምን ብሎ እንደመለሰላቸው ልንገርዎ፤ “አባባ፣ ዶክተሩ ልቧ አለት ነው ብሏል! አለት በድንጋጤ ይሞታል?” የዚህ ጥያቄ መልስ የነበረዎት እርስዎ በዚያ ሰዓት ሌላ ተረኛ እየጠሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዱላ ነው። የቃሬዛውን ዘንግ ከሟቹ ሥር መዝዘው ሀይደርን ጀርባውን ሰበሩት። በገዛ ጠመንጃው ሰደፍ ቀኝ ዓይኑን አፈሰሱት። ጣቶቹን የጎጆ ምሰሶ በሚደገፍበት ድንጋይ ላይ ዘርግተው በሌላ ድንጋይ ቀጠቀጡት፤ ድምፁ ቡና በሙቀጫ ሲወቀጥ እንደሚሰማው ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ሙቀጫ ባለበት ቤት አልቀመጥም። “ወደ ሰማይ ነው የተኮስኩት፣ ሰማዩን ጠይቁት!” ይል ነበር። እኔ ጉቶውን እያሳየሁ ስጮኽ ዱላ አፌ ላይ አረፈ፤ ዲግሪ ዱላ አይመክትም። በእህቴ አካል ውስጥ ጥይት አለመኖሩ የተረጋገጠው፣ ሀይደር ከሰውነት ከወጣ በኋላ ነው። የአጎቴ ልጆች ታስረዋል፤ ይገባቸዋል። እኔም ከእነርሱ እጅ ጀርባ የማንን ቃል እንደሰማሁ ማስመዝገቤ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

5. በመጨረሻ ስለ መስተንግዶዎ አመሰግናለሁ። ከለቅሶው በኋላ ይህን ሁሉ ላስረዳዎት መጥቼ ነበር። ዘበኛው ጉዳዬን ይዞ ገባና፣ “የሞተ ሰው ካርድ አይወጣለትም” የሚል መልስዎን ይዞልኝ ወጣ፤ አልሄድም ስል ደግሞ ክርኑን ደረቴ ላይ ተክሎ ከደረጃው ገፈተረኝ። የልብ ክፍል ውስጥ ደረቴን የነካ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

የተከበሩ ዶክተር፣ ስለ ሞተችው ካርድ እንደማይወጣ ተረድቻለሁ። አሁን የምጽፍልዎ ስላለችው ነው። የወለተሥላሴ ልጅ የምሥራች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። የትምህርት ቤታቸው ደወል ዛፍ ላይ የተሰቀለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው። ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቸርኬውን በብረት ሲመታው ከሥሩ ታልፍ ነበር፤ ወደቀች፣ ከንፈሯ ጠቆረ፣ ምላሷን ነከሰች። ስትነቃ የተናገረችው “እንደ እማዬ” የሚል ብቻ ነበር። ርእሰ መምህሩ ብረቱን በጆንያ እንዲጠቀልሉት አዝዘዋል፤ በዚህ ጉዳይ እስካሁን የታዘዘ መድኃኒት ይህ ጆንያ ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ቀጠሯችን ለክረምት ነው፤ እስከዚያ መብረቁ ይጀምራል። በዚህ በኩል ያለን የልብ ሐኪም እርስዎ ነዎት። ስለዚህ አንገቴን ደፍቼ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ እለምንዎታለሁ፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሰኞ ይዣት እመጣለሁ። አበባውን ከመሣሪያው ላይ ያንሱልን። ልጅቷ “ድንገተኛ ድምፅ ስሰማ” ብላ ስትጀምር እስከ መጨረሻው ይስሟት። ይህን ደብዳቤ ለሕዝብ ያወጣሁት፣ በዚያ ቀን በርዎ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አብሮ እንዲያዳምጥ ነው።

ትዕግሥትዎ እንደ ፍጥነትዎ እንዲበዛ፣ ልብዎም አለት እንዳይሆን እየተመኘሁ፣ ከማይገባኝ አክብሮት ጋር ከደረጃዎ ሥር እጅ የምነሳ፣

ኃይለጊዮርጊስ፣ የአንዲት ተረኛ ወንድም

ግልባጭ፦
ለሀይደር፤ በቀረው ዓይኑ ማንበብ ስለሚያደክመው፣ ሚስቱ ሐፍሳ ታነብለት ዘንድ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ አንድ ነገር ዘልያለሁ። እህቴ ለምርመራ እርስዎ ዘንድ በመጣችበት ዕለት ነጠላዋን ይዤ በርዎ ላይ ቆሜ ነበር። የጨጓራ መድኃኒት ጽፈውላት ማኅተምዎን ጠረጴዛው ላይ ሲመቱት፣ ወለተሥላሴ ከወንበሯ ተንሸራትታ እግርዎ ሥር ወደቀች። ልትነግርዎ የመጣችውን በሽታ፣ ሊሰሟት ስላልፈለጉ አሳየችዎት። እርስዎም ለነርሷ “ድራማዋን በረንዳ ላይ ትጨርስ” አሉ። ሰኞ ዕለት በልጅቷ ወረቀት ላይ ማኅተም የሚያደርጉ ከሆነ፣ እባክዎ ቀስ ብለው ያሳርፉት።