በሁዳዴ የተቀዳ ስብ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት እህቴ ለእትዬ ጥሩብርሃን፣

የነቀምት ክረምት እንዴት ይዞዎታል? የጉልበትዎ ሕመምስ በብርዱ አልባሰም? ባለቤትዎን አቶ ቱሉን ሳሉ ለቀቃቸው? እኔና ባለቤቴ ወለተጻድቅ፣ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነን። ይህን ስጽፍ ሁለቱም እግሮቼ ከጠረጴዛው ሥር ናቸው።

እንደጻፍኩልዎ፣ ስኳሩ የግራ እግሬን የደም ሥሮች ደፍኖ፣ የአውራ ጣቴ ቁስል አልድን ስላለ ከጉልበት በታች ይቆረጥ ተብሎ ነበር። ከዚያ በፊት ግን አንዲት ሐኪም በጥናት ላይ ያለ ሕክምና እንድሞክር ጠየቁኝ። ከሆድ ቆዳ ሥር ጥቂት ስብ በቀጭን ቱቦ ይቀዳል፤ ከስቡ ሕዋሳት ተለይተው ደም ባነሰው እግር ላይ በመርፌ ይወጋሉ፤ እነሱም አዳዲስ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንዲበቅሉ ያግዛሉ።

ቀጠሮው ሁዳዴ ላይ ዋለ። እኔም ነገር ማጣራት ልማዴ ነውና፣ በጾም ስብ ወደ ሰውነት ማስገባት ከብዶኝ ከፋሲካ ወዲያ ይሁንልኝ ብዬ ደወልኩ። ሐኪሟ ቁስሉ ፋሲካን አይጠብቅም አሉኝ። ጎረቤታችን ባለሱቁ ሀምዱ ይህን ሲሰማ፣ «መምህር፣ የራስዎ ስብ ከሆድዎ ወደ እግርዎ ቢዛወር ምኑ ተበላ? እኛስ ስንጾም ሆዳችንን ቤት ትተን እንወጣለን?» አለኝ። የነፍስ አባቴም ጾሙ ለአፍ እንጂ ለመርፌ አይደለም ብለው ገሠጹኝ። በማግስቱ ሆስፒታል ገብቼ ታከምኩ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከደጃችን ተነሥቼ ባቴ መታመም እስኪጀምር የምራመደውን ቆጥሬ በደብተር እጽፋለሁ። መጀመሪያ ሰባ ሁለት እርምጃ ነበር። አምስት ሳምንት ንቅንቅ ስላላለ ወለተጻድቅ ደብተሩን ደበቀችብኝ። በሰኔ አራት መቶ አለፈ። ቁስሉ ሐምሌ አምስት ቀን ተዘጋ። እውነቱን ለመናገር፣ አብረውኝ ከታከሙት ያልተሻላቸውም አሉ፤ እኔም የስኳር መድኃኒቴን አላቋረጥኩም። ግን ትናንት እስከ አየር ጤና ፌርማታ አንዴም ሳልቆም ሄድኩ። የምወድቅ መስሎት ወንበር ተሸክሞ የተከተለኝ ሀምዱ ደክሞት ራሱ ተቀመጠበት። እግሬ አይቆረጥም፤ ሐኪሟ ውሳኔውን ከካርዴ ላይ ሰርዘውታል።

ስለዚህ ሊያስታምሙኝ ያሰቡትን ጉዞ ይተዉት። ለመስቀል የምመጣው እኔ ነኝ።

ወለተጻድቅ እጅ ነሥታለች። ለአቶ ቱሉ የአክብሮት ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ልጅዎን ቤተልሄምን ይሳሙልኝ። ለወንድሟ ለኪዳንም አጎትህን ናፍቀኸዋል ይበሉልኝ፤ መናኸሪያ ድረስ ባጃጅ ይዞ እንዳይመጣ፣ የቤታችሁን ዳገት በእግሬ ነው የምወጣው።

ወንድምዎ ተክለሃይማኖት
ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.